ቡናማው ቀንድና ነጩ ቀንድ፦ የአጋዘን ቀንድ ቀለም እንዴት ይነበባል?

ጋራዤ ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ሁለት ቀንዶች አሉ። ግራና ቀኝ። የአንድ አጋዘን ናቸው ብዬ እምላለሁ፤ ሁለቱም ሥራቸው አጠገብ ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ፣ ወደ ውጭ የዞረች ትርፍ ቅርንጫፍ አለቻቸው። ግራውን ያገኘሁት ማርች መጨረሻ ላይ ነው፤ በረዶው ገና እየቀለጠ ነበር። ቀኙን ያገኘሁት በዓመቱ፣ ከዚያው ኮረብታ ሥር ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ። ግራው የተቆላ ቡና ይመስላል። ቀኙ አመድ ነው።

ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ግራውን ያነሳና "ቀለም ቀብተኸው ነው?" ይለኛል። አልቀባሁትም። ግን ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ስጀምር ግራ ገብቶኝ ነበር።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ማታና ቅዳሜ ደግሞ ከወደቀ የአጋዘን ቀንድ የልብስ ቁልፍና የቢላ እጀታ እሠራለሁ። ሙያው ከአባቴ ነው ልል እችላለሁ፤ አዲስ አበባ እያለን ከበሬ ቀንድ ዋንጫ ይሠራ ነበር። ግን አባቴ ያስተማረኝ ግማሹ እዚህ አልሠራልኝም። ለምን እንዳልሠራ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ የቀለሙ ነገር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ሁለቱንም "ቀንድ" እንላለን

የበሬ ቀንድ ከጥፍራችን ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ውስጡ አጥንት አለ፤ ላዩን እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን ያለብሰዋል። እንስሳው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ሀገር ቤት አጋዘን የምንለውም፣ የባሌው የደጋ አጋዘንም፣ ድኩላውም እንደዚሁ ናቸው። ቀንዳቸው አይወድቅም። ዝምድናቸው ከላምና ከፍየል ጋር ነው።

አሜሪካ ጫካ ውስጥ የሚሮጠው፣ ጅራቱን ሲያነሳ ከሥሩ ነጭ የሚያሳየው፣ አንዳንዱ ሰው ዋላ የሚለው፣ ሌላ ወገን ነው። የእሱ ቀንድ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው። በየዓመቱ ይበቅላል፣ በየዓመቱ ይወድቃል። የሚያበቅለው ወንዱ ነው።

አባቴ የበሬ ቀንድ እሳት ላይ አለስልሶ እንደ ቆዳ ይዘረጋው ነበር። እኔም በመጀመሪያው ክረምት አንድ የአጋዘን ቀንድ እንዲሁ እሳት ላይ ያዝኩ። ቤቱ የተቃጠለ አጥንት ሸተተ፣ የጭስ ማንቂያው ጮኸ፣ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነሡ። ቀንዱ ጠቆረና ለሁለት ተሰነጠቀ። አጥንት እሳት ላይ አይለሰልስም። ከባለቤቴ የሰማሁትን እዚህ አልጽፍም።

ቀለሙም ላይ ልዩነቱ ይኸው ነው። ጥቁር የበሬ ቀንድ ስትቆርጡት ውስጡም ጥቁር ነው። ቀለሙን ይዞ ነው የሚያድገው። አባቴ በሬው ገና በሕይወት ሳለ ቀንዱን አይቶ ዋንጫው ምን ዓይነት እንደሚሆን ይናገር ነበር። የአጋዘኑን ቀንድ በመጋዝ ቁረጡትና ተመልከቱ። መሐሉ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነው። ዙሪያው ጠጣር ነጭ አጥንት። ቡናማው ከሁሉም ውጭ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ በሞረድ ብትሄዱበት የለም።

ስለዚህ ቡናማው ከውጭ የመጣ ነው። ከየት?

ደም፣ ዛፍ፣ ፀሐይ

ቀንዱ በጸደይ ማደግ ይጀምራል። ሲያድግ ፀጉር ባለው ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ነው፤ እንግሊዝኛው ከፈይ ይለዋል፣ ሲነካ እውነትም ከፈይ ነው። በዚያ ቆዳ ውስጥ ደም ስሮች ሞልተዋል፤ ለአጥንቱ ምግብ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። በጋው ሲያበቃና ቀኑ ሲያጥር የወንዱ ሆርሞን ይጨምራል፣ አጥንቱ ይጠነክራል፣ ቆዳው ይደርቃል። ሚኒሶታ ውስጥ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ አጋዘኑ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ እያሸ ይገፈዋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ቆዳው እንደ አሮጌ ጨርቅ ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው ይደነግጣል። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ልጆቹ ጮኹ።

በዚያን ሰዓት ቀንዱ ነጭ ነው፤ ደም የነካካው ነጭ። ደሙ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ብዙ ሰው ታዲያ "ቀለሙ ደም ነው" ብሎ እዚህ ላይ ያቆማል። ደሙ ድርሻ አለው። ግን ዛፍ በሌለበት በረት ውስጥ የሚያድጉ አጋዘኖች ቀንዳቸው ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። እነሱም እንደ ጫካዎቹ ደምተዋል። የሌላቸው ዛፍ ነው።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ዛፉ ነው። ከሴፕቴምበር ጀምሮ፣ በተለይ ኖቬምበር ላይ ሴት ፍለጋው ሲጦፍ፣ ወንዱ ግንድ ላይ ቀንዱን ያሻል፣ ቅርፊቱን ይልጣል። ቅርፊቱ ውስጥ ታኒን አለ፤ ሻይ ነጭ ስኒ ላይ የሚተወው ቡናማ ክብ እሱ ነው። ከዚያ የዛፉ ፈሳሽና ሙጫ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የተላጠ ድንች ሳህን ላይ ሲቆይ እንደሚሆነው። አዲስ የተገፈፈ ቀንድ ሸካራ ነው፣ ጥቃቅን ቀዳዳም አለው፣ ስለዚህ ይመጠዋል። በየቀኑ አንድ እጅ እንደሚቀባ ሰው ቁጠሩት።

ፀሐይ ደግሞ ተቃራኒውን ትሠራለች። አጋዘኑ ጭንቅላት ላይ እያለም፣ መሬት ከወደቀ በኋላም ታነጣዋለች። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ የሚውል አጋዘን ጠቆር ያለ ቀንድ ይዞ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ የሚያሸው ዛፍ ብዙ፣ የሚያገኘው ፀሐይ ትንሽ። ከምዕራብ ሚኒሶታ፣ በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ ከሚታይበት ሜዳ የመጡ ቀንዶች ገዝቼ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ያልተቆላ ኦቾሎኒ ይመስሉ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ዛፍ በሌለበት ኮረብታ ጥቁር ቀንድ ይገኛል፤ እዚያ ትልልቆቹ ወንዶች ጥቁር ረግረግ አፈር ውስጥ ስለሚንከባለሉ ነው።

ምግብስ? "በቆሎ ያነጣዋል፣ ጨው ያጠቁረዋል" የሚል ወሬ አለ። ምግብ ለቀንዱ መጠንና ጥንካሬ ወሳኝ ነው። የላዩን ቀለም ግን በምግብ አታብራሩ። ዘርም ቢሆን ይበልጥ የሚታየው ቅርጹ ላይ ነው። የእኔ ግራና ቀኝ ቀንዶች ዘራቸውም ቀለባቸውም አንድ ነው፤ የተለያየው ከወደቁ በኋላ መሬት ላይ የቆዩበት ጊዜ ነው።

ቀንድ እጃችሁ ሲገባ

ከሥሩ ጀምሩ። ሥሩ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጉጥ ጉጥ ያለ ነገር አለ፤ ከዚያ በላይም የተዘራ ማሽላ የመሰሉ ጥቃቅን እብጠቶች። ከሁሉም የሚጠቁረው እዚህ ነው። አጋዘኑ ሲያሽ ግንዱ ላይ የሚጫነው ሥሩንና ግንባሩን ነው። ግንባሩ ላይ ቅባት የሚያመነጭ እጢ አለ፤ ሽታውን ለሌሎች መተው ይፈልጋል። እብጠቶቹ መሐል ያለው ስርጉድ የዛፍ ብናኝ ይይዛል።

እኔ እዚህ ላይ ወስፌ አወጣለሁ። አዎ፣ የእናቴ የስፌት ወስፌ። ስርጉዱን ስጎረጉር ቀላ ያለ ቅርፊት ይወጣል። አሸተዋለሁ። ደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ፣ ዊኖና አካባቢ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሬድ ሲዳር የሚሉት ዛፍ በብዛት አለ። ስሙ ሲዳር ይሁን እንጂ ወገኑ ጥድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የምናውቀው የጥድ የአጎት ልጅ። አጋዘኖች ይወዱታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ብናኝ ያሸተትኩ ቀን ጋራዤ ውስጥ ቆሜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ከቀለሙ ብቻ ዛፉን ለመናገር አትድከሙ። ብናኙና ሽታው ይሻላሉ። ቀንዱን ባገኛችሁበት አካባቢ ከጉልበት እስከ ወገብ ከፍታ ድረስ የተላጠ ግንድ ካለ፣ መልሱ እዚያ ቆሞ ነው።

ከዚያ ወደ ጫፎቹ ሂዱ። ጫፎቹ ነጣ ብለው፣ ለስልሰው፣ እንደ ዝሆን ጥርስ ማብረቅ አለባቸው። እነሱም ዛፍ ይነካሉ፤ ግን ፍትጊያው ቀለሙን ከማስያዝ ይልቅ ይጠርገዋል። ከታች ጥቁር፣ እየወጣ ሲሄድ እየፈዘዘ፣ ጫፉ ነጭ። ያልተነካካ ቀለም እንዲህ ነው።

ቀጥሎ አገላብጡት። አንድ ገጽ ቡናማ፣ ሌላው ነጣ ያለ ከሆነ፣ ነጩ ሰማይ ያየው ነው። ጥቂት ወራት መሬት ላይ ተኝቷል። አረንጓዴ ነገር ካለ ጥላ ቦታ ረዥም ጊዜ ቆይቷል ማለት ነው። ጎን ለጎን የተሰመሩ ጥቃቅን ቦዮች የአይጥና የሽኮኮ ጥርስ ምልክት ናቸው፤ ካልሲየምና ፎስፈረስ ፍለጋ ይግጡታል። ከጭንቅላቱ የተለቀቀበትን ታችኛውን ገጽ እዩ። ደረቅ ደም የመሰለ ቀይ ካለበት የወደቀው በዚያው ክረምት ነው። እዚህ የሚወድቁት ከዲሴምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው።

ነጋዴዎቹ በሦስት ይከፍሉታል፦ ቡናማ፣ ነጭ፣ ጠመኔ። ቡናማው አዲስ ነው፣ ዋጋውም የእሱ ነው። ነጩ ፀሐይ የመታው ግን ገና ጠንካራ ነው፤ ለቅርጽ ሥራ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ጠመኔው አብቅቶለታል። በጥፍራችሁ ጫሩት፤ ዱቄት ከሰጣችሁ ጊዜያችሁን አታባክኑበት። ትራፓኖ ሲነካው ይፈረካከሳል።

ዕድሜስ ከቀለሙ ይታወቃል? በከፊል። ትልልቆቹ ወንዶች ማሸት ቀድመው ይጀምራሉ፣ ብዙ ያሻሉ፣ ወፍራም ግንድም ይደፍራሉ። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ጎረምሳ አልፎ አልፎ ቀጭን እንጨት ያሻል፣ ቀንዱም ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ነው። ግን ሜዳ ላይ ያረጀ ሽማግሌ ከጫካ ጎረምሳ ሊነጣ ይችላል። በዚህ ላይ የሚወራረድ ሰው ካጋጠማችሁ ብራችሁን ያዙ።

የተቀባ ቀንድ

አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ስድስት ቀንድ ገዛሁ። "አንደኛ ደረጃ ቡናማ" ይላል። ስጨብጣቸው ደስ አላለኝም፤ ጫፉም ሥሩም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ እንደ ተቀባ በር። ነጭ ጨርቅ አልኮል ነክሬ ጠረግኩት። ጨርቁ ሻይ መሰለ። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም፤ ትምህርቱን ግን አልነፈገኝም።

ከጨርቁ የሚበልጥ ምልክት አለ። ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆችን ፈልጉ። እነዚያ ስንጥቆች የሚመጡት ቀንዱ ፀሐይና ዝናብ ላይ ከከረመ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቀለሙ አብሮ ሄዷል። ስለዚህ በስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ገብቶ ካያችሁ፣ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ሰው ቀባው። አልኮሉ የማያስለቅቀው ቀለምም ቢሆን እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ቀለሙን ላለማጣት

እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ቆይታ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ያንን ዓመት ካገኘኋቸው ሁሉ ምርጡ ቀንድ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል። ነጭ ሆኗል። "ቆሽሾብህ አገኘሁትና በበረኪና ነክሬ አጠብኩልህ" አለችኝ። ምን ይባላል? "እግዜር ይስጥልኝ እማዬ" አልኩ።

እንግዲህ፦ በረኪና አይነካውም። ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድም እንዲሁ። አትቀቅሉት። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቶሎ ማድረቅ፣ ያውም ጥላ ውስጥ። ከደረቀ በኋላ ትንሽ የንብ ሰም ወይም የተልባ ዘይት በጨርቅ አሹበት፤ ቀለሙን ያደምቀዋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ቀንዱን ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ አትስቀሉት።

ልትሠሩበት ከሆነ ቡናማውን ገጽ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተጠንቀቁለት። ሞርሳ ላይ ስታስሩት ቆዳ ጣል አድርጉበት። ለቢላ እጀታ የብርጭቆ ወረቀት የሚነካው እጅ የሚቆረቁረውን ቦታ ብቻ ነው። የልብስ ቁልፍ አግድም ከቆረጣችሁ ቡናማው ዳር ዳሩን እንደ ቀለበት ይቀራል፤ እኔ እወደዋለሁ፣ ደንበኞቼ ግን ሙሉ ቡናማ ሲፈልጉ ከጎኑ በቁመት እሰነጥቀዋለሁ። ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ፣ እያረጠባችሁ ሥሩ። የአጥንት ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው።

የነጣውን መመለስ

መጀመሪያ በቡና ሞከርኩ። ሐበሻ ነኝ፣ ምን ላድርግ። አቦሉን ጠጥተን ከቶናውና ከበረካው የተረፈውን ከነአተላው አፍስሼ ቀንዱን ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት። የወታደር ልብስ የመሰለ ነገር ወጣ። ሽታው ግን ደስ ይል ነበር።

ብላክ ዋልነት የሚሉት ዛፍ ፍሬ አረንጓዴ ልጣጭ ይሻላል። ልጣጩን ውኃ ውስጥ ቀቅላችሁ አጥልሉ፣ ሲቀዘቅዝ በብሩሽ ደጋግማችሁ ቀቡ። ጓንት ካላደረጋችሁ እጃችሁ ለሳምንት ቡናማ ነው።

እንስሳ አድርቀው የሚያቆሙ ባለሙያዎች ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይጠቀማሉ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሬ ፍሬ ነገር ነው። ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ፍሬ ብቻ አሟሙና በብሩሽ ቀቡ። መጀመሪያ ሐምራዊ ሆኖ ያስደነግጣል፤ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ካልበቃ ድገሙ። ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጊዜ፤ ጫፉን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንጹት። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ከግሊሰሪንና ከመኪና አንቲፍሪዝ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ሲገናኙ እሳት ይነሳል። ቀብታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ለገዢው ንገሩት።

ለመልቀም ለምትወጡ አንድ ነገር። ጥሩው ጊዜ በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ ሣሩ ሳይነሣ ነው። የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ እኔ የምሄድበትን ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ድፎ ዳቦ ይዤለት እሄዳለሁ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማንሳት ክልክል ነው፣ ሌላውም ቦታ እንደየስቴቱ ይለያያል። ቀንዱ ከራስ ቅል ጋር ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፤ ሳትነኩ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። በእኛ አካባቢ አጋዘኖችን አእምሯቸውን አጥቅቶ የሚያከሳ በሽታም ስላለ የሞተ አጋዘን ጭንቅላት በባዶ እጅ አትንኩ።

አመድ የመሰለውን ቀኝ ቀንድ ግን አልቀባሁትም። ባለቤቴ የመኪናዋን ቁልፍ የምታንጠለጥልበት እሱ ላይ ነው፤ ከግራው ይልቅ ጨለማ ውስጥ ይታየኛል ትላለች።